ከአብሮ አደጌ ጋር የጎፍ ጫካ ውለን መጣን፣ አንድ ዛፍ ግን ስሙን አጣንለት

ጦሳ_ሥር
እሁድ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች እንዴት አመሻችሁ። ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ፣ የትናንቱ ውሎዬ ከልቤ አልወጣ ብሎኝ ነው ምጽፈው። መጨረሻ ላይ ደሞ ጥያቄ አለኝና እስከ ታች አንብቡልኝ።

አብሮ አደጌ አዲስ አበባ ነው ምትኖረው፣ ባዮሎጂ ተምራ አሁን ስራዋ እጽዋት ላይ ነው። በአመት አንዴ እናቷን ልትጠይቅ ትመጣለች፣ ሁሌም ፒያሳ ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን ስናወራ ይመሽብናል። ዘንድሮ ግን ገና ከዛ ሳትነሳ ደውላ ቅዳሜን ለማንም እንዳትሰጪ የጎፍ እንወጣለን አለችኝ። እኔ የጎፍን ማውቀው ከመኪና መስኮት ነው፣ ኮምቦልቻ ስወርድ አየዋለሁ ስመለስ አየዋለሁ፣ አረንጓዴ ተራራ ነው በቃ። ሰላሳ ሁለት አመት እዚሁ ኖሬ አንድ ቀን እግሬ ረግጦት አያውቅም።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከመነሃሪያ ሚኒባስ ያዝን። ሀረጎ ላይ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ሹፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ነበር ሚወርደው፣ እኛም ጋቢያችን ውስጥ ተጠቅልለን። ኮምቦልቻ ስንደርስ ግን ፀሐዩ ወጥቶ ጋቢው ሸክም ሆነብን። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት ኮምቦልቻ ደሞ 1850 ገደማ፣ ጓደኛዬ ይሄ ልዩነት ብርዱን ብቻ አይደለም ዛፉንም ነው ሚቀይረው ዛሬ በእግርሽ ታይዋለሽ አለችኝ። ባጃጅ እስከሚገባበት ድረስ በባጃጅ ሄድን ከዛ በእግር።

ጫካው መግቢያ ላይ አንድ አባባ አገኘን፣ ጥበቃ ናቸው። ምን ፈልጋችሁ ነው አሉን፣ ዛፍ ልናይ ስንላቸው «ዛፍ ለማየት ብቻ?» ብለው ትንሽ ዝም አሉ፣ ከዛ ዱላቸውን አንስተው በሉ ተከተሉኝ ብለው ራሳቸው ከፊት ቀደሙ። እድሜ ይስጣቸው፣ እሳቸው ባይኖሩ የቀኑ ግማሽ አይኖርም ነበር።

ጓደኛዬ ደብተር ይዛለች። ገጹን ለሁለት ከፍላ ቁጥር ሰጥታዋለች፣ በአንዱ በኩል የሳይንስ ስሙን ትጽፋለች በሌላው የአገር ስሙን። የአገር ስሙን ግን ብታውቀውም እሷ አትጽፍም፣ እኔ ወይ አባባ ካልነገርናት ባዶ ይቀራል። «እኔ ከመጽሐፍ ነው የለቀምኩት፣ እናንተ ከአፋችሁ ንገሩኝ» ትላለች። እና ስንጀምር ነው ያወቅኩት፣ ስም አላውቅም። ጽድ፣ ወይራ፣ ባህር ዛፍ፣ ግራር፣ ቁልቋል፣ ዋንዛ። ስድስት! ሌላው ሁሉ ለኔ «ቅጠል» ነው። እናቴ ብትሆን እኮ በአንድ ትንፋሽ አርባ ትቆጥር ነበር፣ ነፍሷን ይማር።

ከታች ቁጥቋጦው ነው ሚበዛው። ክትክታን አባባ ነገሩን፣ ቅጠሉ ያብረቀርቃል ስትነኩት እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ፍሬው ደሞ ቀላ ብሎ እንደ ወረቀት ስስ ክንፍ አለው። አጋም ልጅ ሆኜ ስለቅም ነው የማውቃት ግን ስሟን ረስቻት ነበር፣ ሳያት አፌ ላይ ጣዕሟ መጣ። ቀጋም አለች እሾኋ ይዞ አይለቅም፣ ጓደኛዬ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ከራሱ ከመሬቱ የበቀለች የዱር ጽጌረዳ ይቺ ብቻ ናት ስትለኝ ቆሜ ቀረሁ። እኛ ለአጥር ነው ምንቆርጣት።

ትንሽ ወጣ ስንል ወይራ መጣ፣ ከዛ ጽድ። እዚህ ጋ ነው አንድ ነገር የተማርኩት። ጽድ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር፣ አይደለም። በሰልፍ የተተከለው ቀጥ ቀጥ ያለው የፈረንጅ ጽድ ነው፣ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው፣ ፍሬውን ብትይዙት እንደ እንጨት ደረቅ ድብልብል ኳስ ነው። የኛው የሀበሻ ጽድ ፍሬ ግን ትንሽዬ ለስላሳ፣ ሰማያዊ መሳይ አቧራ የተነፋባት ናት፣ ስትጨምቋት ትፈርጣለች ሽታዋም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይወስዳችኋል። ከስራቸው ያለውንም እዩት አለችኝ፣ ከፈረንጁ ስር የደረቀ ቅጠል ብቻ ነው፣ ጭር ያለ፣ ከኛው ስር ግን ሳሩ አለ ችግኙ አለ ጉንዳኑ አለ። ብዙ ቆየን እዛ። እኔ እንደ እብድ እየተመላለስኩ አንዱን ፍሬ ከአንዱ እያስተያየሁ ነበር።

ከዛ ሳማ ለበለባት ጓደኛዬን፣ ለፎቶ ስትንበረከክ ክንዷን ሙሉ። ውሃ አፈሰስንበት ትንሽ አስታገሰላት፣ እሷ ግን እያሻሸች «ይሄም እኮ የኢትዮጵያ ብቻ ነው፣ ሌላ አገር የለም» እያለች ጻፈችው። ቁጥር 14።

ምሳ አንድ ትልቅ ዝግባ ስር በላን፣ ድፎ ዳቦና ቆሎ በፔርሙስ ሻይ ነበረን። አባባ ዳቦውን ባርከው ቆርሰው ሰጡን። ድሮ ይሄ ዝግባ ዘመድ ነበረው አሉ፣ ዙሪያውን እየጠቆሙ እዚህ ነበረ እዚህ ነበረ እያሉ፣ አሁን ብቻውን ነው።

እና ጥያቄዬ። ከዝግባው ወረድ ብሎ ውሃ የሚሄድባት ሸለቆ አለች፣ እዛ አንድ ዛፍ አለ። ቅጠሉ ሰፊ ነው መዳፍ ያክላል፣ ቅርጹ ልብ ይመስላል፣ ከስሩ ስትዳስሱት እንደ ቬልቬት ነው። አበባው ነጭ፣ ዘለላ ዘለላ ሆኖ የወጣ። ግን አበባው ሲደርቅ አይረግፍም፣ ቡናማ ወረቀት ሆኖ እዛው ዛፉ ላይ ይቀራል፣ ስለዚህ ዛፉ ግማሹ ነጭ ግማሹ ቡናማ ነው ከሩቅ። ንቡ እንዴት እንደሚተራመስበት! አባባ «አውቀዋለሁ፣ አውቀዋለሁ፣ ስሙ ምላሴ ላይ ነው» አሉ፣ አልመጣላቸውም፣ በጣም አዘኑ። ጓደኛዬ የሳይንስ ስሙን ጻፈች፣ አልነግርሽም አለችኝ፣ የአገር ስሙ ባዶ ቀረ። ቁጥር 23። ማነው የሚያውቀው?


የቦርከና_ልጅ
እሁድ ከምሽቱ 3፡05

እህቴ እንዴት ደስ ይላል፣ እኔ ኮምቦልቻ ተወልጄ አድጌ እንደዚህ አድርጎ የጎፍን ያሳየኝ ሰው የለም። ዛፉ ዋንዛ ይመስለኛል፣ ነጭ አበባ ሰፊ ቅጠል ካልሽ። መንገዱስ ሰላም ነው ለመሆኑ፣ ቤተሰብ ይዤ ብሄድ?


ጦሳ_ሥር
እሁድ ከምሽቱ 3፡12

ወንድሜ ዋንዛንስ አውቀዋለሁ ከስድስቱ አንዱ ነው፣ የዋንዛ አበባ እንደ ጡሩንባ አፉን የከፈተ ነው ቅጠሉም ሻካራ ነው፣ ፍሬው ደሞ ቢጫ ሆኖ የሚያጣብቅ። ይሄ አይደለም። መንገዱን በተመለከተ እኛ በቀን ነው ሄደን በጊዜ የተመለስነው፣ አንተም የሰፈሩን ሰው ጠይቀህ ሂድ ብቻህንም አትግባ፣ ጥበቃዎቹን አናግራቸው።


ሙጋድ77
እሁድ ከምሽቱ 3፡30

ብሳና ነው፣ ቅጠሉ ልብ ከመሰለ ብሳና ነው። ግን ልናገር አትቀየሙኝ፣ ስሙን ማወቅ ምን ይጠቅማል? ደን የሚፈልገው ተካይና ጠባቂ ነው። እኛ ሰፈር ባለፈው ክረምት አንድ መስሪያ ቤት መጥቶ ስንት መቶ ችግኝ ተክሎ ፎቶ ተነስቶ ሄደ፣ በበጋ አንድ ባልዲ ውሃ ያፈሰሰለት የለም፣ ዛሬ ሄዳችሁ ብታዩት ጉድጓዱ ብቻ ነው የቀረው። ሌላው ደሞ ሁሉም ሰው ባህር ዛፍን ይሰድባል፣ አባቴ ስድስት ልጅ ያስተማረው በባህር ዛፍ ነው፣ ደሴ የተሰራችው በባህር ዛፍ ነው፣ ምሶሶው ማገሩ ማገዶው።


ባዮ_መምህር
እሁድ ከምሽቱ 4፡10

ሙጋድ ወንድሜ የአባትህን ነገር ማንም አይነካብህም። ባህር ዛፍ የመጣው በአጼ ምኒልክ ጊዜ በ1880ዎቹ ማለቂያ አካባቢ ነው፣ አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት በተቸገረችበት ሰዓት፣ እና በርግጥም ከተማን አድኗል። ደሴ የምታየው ነጭ ባህር ዛፍ ነው ብርድ ይችላል፣ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ ቀዩ ይበዛል። ጥያቄው ባህር ዛፍ ይኑር አይኑር አይደለም፣ ምንጭ አፍ ላይና የአገር ዛፍ ነቅለን በሱ ቦታ አንትከለው ነው።

ስም ምን ይጠቅማል ላልከው ግን አልስማማም። አንተው የተናገርከው ችግኝ ለምን ደረቀ ብለህ ብትጠይቅ አንዱ ምክንያት ውሃ ነው፣ ሌላው ግን ምን እንደተተከለ እዛ ሰፈር የሚያውቅ ስላልነበረ ነው። ሰው ስሙን ለማያውቀው ነገር ውሃ አይቀዳም። የኔ ተማሪዎች «ችግኝ» ነው የሚሉት ሁሉንም፣ ኮሶ ነው ስላቸው ግን «እሱ ነው እንዴ አያቴ ምትጠጣው» ብለው ሊያዩት ተሰበሰቡ፣ አጥርም ሰሩለት።

ሌላ ልጨምር። እንዶድን ሁላችሁም ታውቃላችሁ እናቶቻችን ልብስ ያጥቡበት የነበረው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆች 1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች በኩል ቀንድ አውጣው ሞቶ አየ፣ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ማለት ነው። ከዛ ተነስቶ ነው ምርምሩ የተሰራው፣ ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር በፈረንጆች 1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለሙበት። ቢልሃርዚያ ደሞ ለኛ ለቦርከና ዳር ሰዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። እና እነዛ ሴቶች ቅጠሉን ለይተው ስሙንና ስራውን ባያውቁ ኖሮ ሳይንቲስቱ ምን ያይ ነበር?

ዛፉ ብሳናም አይደለም። የብሳና አበባ እንደ ጭራ ረዝሞ የሚወጣ ነው፣ ደሞ ብሳና ከአረንጓዴው መሃል አንድ ሁለት ብርቱካን የሆነ ያረጀ ቅጠል አያጣም፣ በሱ ነው ከሩቅ ምትለየው። እኔ አንድ ግምት አለኝ ግን ልጅቷ አልነግርሽም ካለች እኔም ትንሽ ልጠብቅ፣ ከሰው ይምጣ።


አዲሳባ_ያለሁ_ደሴዬ
እሁድ ከምሽቱ 4፡45

ይሄን ሳነብ ባለፈው ወር ጉለሌ እጽዋት ማዕከል የዋልነው ትዝ አለኝ። እኔም ከጓደኛዬ ጋር ነበርኩ፣ እሱ የሐረር ልጅ ነው። ቦታው 705 ሄክታር ነው፣ ከእንጦጦ ተራራ ጋር የተያያዘ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት፣ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ለአመታት መርተውታል። የሄድን ቀን ዝናብ ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነበር ግን ሽታው! ባህር ዛፉን ቀስ በቀስ በአገር በቀል ለመተካት ነው የሚሰሩት፣ ጽድ ወይራ ኮሶ ብላችሁ ብትፈልጉ ታገኛላችሁ። እዛ ሆኜ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፣ ይሄ ሁሉ ለምን ደሴ የለም? ተራራው አለን፣ ጦሳ አለን አዝዋ ገደል አለን የጎፍ አለን፣ ከቆላ እስከ ደጋ ያለው ዛፍ ሁሉ በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ነው፣ አዲስ አበባ እኮ ኮምቦልቻ ሚበቅለውን ማብቀል አትችልም። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው።

ስለ ዛፉ ስልኬ ላይ ፕላንትኔት የሚባል ከፎቶ እጽዋት የሚለይ አፕ አለኝ፣ ፎቶ ካለሽ ላኪልኝ።


ጦሳ_ሥር
እሁድ ከምሽቱ 5፡00

ፎቶውን ላኩልህ። እዛ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ አልነበረንም።

እና መምህር «ሰው ስሙን ለማያውቀው ነገር ውሃ አይቀዳም» ያልከውን ለጓደኛዬ አነበብኩላት። እናቷ ቤት ነን አሁን፣ ደብተሯ ሽፋን ላይ ጻፈችው።


ነርሷ_ከሆጤ
ሰኞ ከጠዋቱ 1፡20

ከአዳር ስራ ወጥቼ ነው ያነበብኩት፣ ድካሜን ነው ያስረሳኝ። አንድ ነገር ግን ላሳስብ ኮሶ ስለተነሳ። ኮሶ ለኮሶ ትል የሚጠጣው የሴቴዋ አበባ ነው፣ ቀላ የምትለው፣ ወንዴው ለብቻው ሌላ ዛፍ ነው። ድሮ እናቶች መጠኑን ያውቁ ነበር፣ አሁን ግን ሰው ገበያ ገዝቶ በግምት ይበጠብጣል። መጠኑ ሲበዛ ዓይን ይጎዳል፣ ማየት እስከማጣት፣ ሰውነትንም ያዝላል። ነፍሰ ጡር በፍጹም መጠጣት የለባትም። ለትሉ ዛሬ ጤና ጣቢያ ኪኒን አለ በርካሽ፣ እባካችሁ ወላጆቻችሁን ንገሯቸው። ዛፉን ግን ትከሉት ጠብቁት፣ ውበቱ ብቻ ይበቃል፣ እኔ እንደ ኮሶ አበባ የሚያምር ነገር አላውቅም ያ ዘለላው ተንጠልጥሎ ሲወርድ።

ዳማከሴና ጤና አዳም ግን ቤቴ ደጃፍ አለ፣ ማንም አይከልክለኝ።


ሰኞ_ገበያ
ሰኞ ከጠዋቱ 3፡00

ወይባስ? ወይባን፣ የጭሱን እንጨት፣ ማንም አላነሳም። የወሎ ሴት ሆነሽ ወይባ ሳትጠቅሺ እንዴት አልሽ ጦሳ_ሥር። እኔ በየገበያው ቀን ወይባ ከሚያወርዱት እናቶች ነው ምገዛው፣ ከየት ነው ሚያመጡት ብዬ ስጠይቃቸው ከአመት አመት እየራቀ ነው ይሉኛል፣ ድሮ ጎሮ ነበር አሁን ግማሽ ቀን እንሄዳለን። ወይራም እንደዛው ነው፣ ለእርጎ ዕቃ ማጠኛ ትንሽ ፍልጥ ለማግኘት ገንዘብ ነው። ስሙን ያላወቅነው ብቻ አይደለም የምናውቀውም እየራቀን ነው።


ጦሳ_ሥር
ሰኞ ከጠዋቱ 3፡25

እውነትሽን ነው እህቴ፣ ወይባን እኔ እንደ ጭስ እንጂ እንደ ዛፍ አስቤው አላውቅም ነበር። አባባን እንዴት ሳልጠይቃቸው መጣሁ።


ከሚሴ_ነኝ
ሰኞ ከቀኑ 7፡15

ሰላም ለናንተ ይሁን። ከከሚሴ ነኝ፣ አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው፣ ኮምቦልቻ ነው የምሰራው። ክሩን ከላይ እስከታች አነበብኩት እና አንድ ሰው ይላል ብዬ ስጠብቅ ማንም አላለም። ኮምቦልቻ ራሱ እኮ የዛፍ ስም ነው! በኦሮምኛ ኮምቦልቻ ማለት አጣጥ ነው፣ እሾሃሙ አጣጥ፣ ከተማው ዙሪያ ዳገቱ ላይ ዛሬም አለ። ትንሽ ወረድ ስትሉ ያለችው ሀርቡም እንደዛው፣ ሀርቡ በኦሮምኛ የሾላ ስም ነው። በየቀኑ የዛፍ ስም እየጠራችሁ ነው ታሪፍ የምትከፍሉት።

የኛ ሰፈር ሽማግሌዎች የሚጠሯቸውን ልጻፍላችሁ ለደብተሩ ይሁን፦ ወይራ ኤጄርሳ ነው፣ ጽድ ገቲራ፣ ዝግባ ቢርቢርሳ፣ ዋንዛ ወዴሳ፣ ብሳና በከኒሳ፣ ኮሶ ሄቶ። በከኒሳ ከንብ ነው፣ ንብ ከኒሳ ነው ሚባለው፣ ብሳና አበባ ላይ ንብ አይጠፋምና።

ያ የጠፋባችሁ ዛፍ ደሞ በኛ ዳኒሳ ይባላል። ነጭ አበባው ዛፉ ላይ ደርቆ ሚቀረው፣ አዎ ዳኒሳ ነው ወላሂ እርግጠኛ ነኝ። አማርኛውን ግን አላውቀውም።


የቦርከና_ልጅ
ሰኞ ከቀኑ 7፡40

ምን?! ኮምቦልቻ አጣጥ ነው? አርባ አመቴ ነው። አጣጥን ደሞ አውቀዋለሁ ከቤታችን ጀርባ ነበረ፣ ፍየል ሲበላው ስንት ቀን ድንጋይ ወርውሬያለሁ። ዛሬ ማታ ለልጆቼ ነው የምነግራቸው። እናንተ ሰዎች እግዚአብሔር ይስጣችሁ።


ባዮ_መምህር
ሰኞ ከቀኑ 8፡30

ከሚሴ ወንድሜ እናመሰግናለን፣ ይሄ ነው ከመጽሐፍ ማይገኘው። ዳኒሳ ካልክ የኔም ግምት ትክክል ነው። የአገራችን እጽዋት 6000 ዝርያ ገደማ ይሆናሉ፣ ከመቶ አስር አካባቢው ሌላ የትም የለም፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆች 1959 የተቋቋመ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ፣ ቅጠሉ ደርቆ ተለጥፎ ማን መቼ የት እንደቀጠፈው ተጽፎ ይቀመጣል። እዛ ወረቀት ላይ ቀጣፊው የአገሬውን ስምም ይመዘግባል። እኛ ደሞ እዚህ ያንኑ ነው እየሰራን ያለነው።


አዲሳባ_ያለሁ_ደሴዬ
ሰኞ ከቀኑ 9፡10

አፑ ሶስት ምርጫ ሰጠኝ ከላይ የመጣው ዶምቤያ ነው፣ ዶምቤያ ቶሪዳ። አማርኛውን ግን አይልም፣ የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ ስም ደርድሮ የኛ የለም።


ባዮ_መምህር
ሰኞ ከቀኑ 9፡20

እሱው ነው።


የሀይቅ_ዳር
ሰኞ ከምሽቱ 1፡50

ዘግይቼ ነው የመጣሁት። ክሩን ለአያቴ አነበብኩላት፣ ዘጠና ልትደፍን ነው አይኗ አያይም ጆሮዋ ግን ከኔ ይሻላል። ስለ አበባው ስነግራት ዝም አለች፣ ቅጠሉ ልብ ነው ከስሩ ለስላሳ ነው ስላት «ልጡስ? ልጡን ላጡት ወይ?» አለችኝ። አላጡትም አልኳት። «ልጡ ካልተላጠ ምን ዛፍ ታየ፣ እሱ ወልክፋ ነው» አለች። ወልክፋ!! ልጡን ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉትና ገመድ ይገመድ ነበር አለችኝ፣ በሬ ይታሰርበታል፣ ጎጆ ሲሰራ ማገሩ ይጠመርበታል። እሷ ልጅ ሆና አባቷ ወልክፋ ልጥ ሲገምድ ጫፉን የምትይዝለት እሷ ነበረች፣ እጇን እንደዚህ እያጠማዘዘች አሳየችኝ፣ እጇ አልረሳም። የወልክፋ አበባ የሚቀስም ንብ ማሩ ነጭ ነው እያለች አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችልኝ፣ እኔ ከዚህ በፊት ስለ አባቷ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም።


ጦሳ_ሥር
ሰኞ ከምሽቱ 2፡05

ወልክፋ!!! እያነበብኩ ተነስቼ ቆምኩ። ጓደኛዬ ዛሬ ጠዋት ነው ወደ አዲስ አበባ የሄደችው፣ አሁኑኑ ደወልኩላት፣ «አዎ! አዎ! ወልክፋ!» ብላ ጮኸች፣ ታውቀው ነበር እኮ፣ ሁለት ቀን አፏን ይዛ። ቁጥር 23 ላይ ወልክፋ ብላ ጻፈች፣ ከጎኑ ዳኒሳ። ከሱ ስር ደሞ «ልጡ ገመድ ይሆናል፣ የሀይቅ እናት» ብላ ጨመረችበት።

አያትሽን እጃቸውን ሳሚልኝ። ስልክ ላይ እንዳላወራቸው እፈራለሁ፣ አልቅሼ አስለቅሳቸዋለሁ።


የሀይቅ_ዳር
ሰኞ ከምሽቱ 2፡20

ስሜልሻለሁ። አንድ ነገር ጠይቂልኝ አለችኝ። በልጅነቷ ለንግስ በየጎፍ በኩል ሲያልፉ የሚያርፉበት ትልቅ ዝግባ ነበረ ከስሩ ውሃ የሚሰማ፣ እናንተ ምሳ የበላችሁበት እሱ ይሆን ወይ አለች።


ጦሳ_ሥር
ሰኞ ከምሽቱ 2፡34

እሱ ይሁን አይሁን እንዴት አውቃለሁ እህቴ፣ ግን ውሃው ይሰማል። ቁጭ ብለን ዝም ስንል ይሰማ ነበር።


ሙጋድ77
ሰኞ ከምሽቱ 3፡00

እሺ ተሸነፍኩ፣ ስም ይጠቅማል። መቼ ነው ሌላ ጊዜ ምትሄዱት? አባቴን ይዤ እመጣለሁ፣ እሱ ባህር ዛፍ ይሸጣል እንጂ ያደገው ጫካ ነው፣ እናንተ ከምታውቁት በላይ ይጠራላችኋል።


ጦሳ_ሥር
ሰኞ ከምሽቱ 3፡10

የፊታችን እሁድ። ከመነሃሪያ 12 ሰዓት ተኩል ጠዋት፣ ኮምቦልቻ ያላችሁ 1 ሰዓት ተኩል ላይ እንገናኝ። ደብተር ያዙ። ለአባባ ጥበቃው የወልክፋን ስም ይዤላቸው ነው ምሄደው፣ ስኳርና ቡናም ይዤ።


ከሚሴ_ነኝ
ሰኞ ከምሽቱ 3፡16

እኔም አለሁበት ኢንሻአላህ። ቡናው ከኔ ነው።


ሰኞ_ገበያ
ሰኞ ከምሽቱ 3፡22

ወይባውን እኔ እጠይቃቸዋለሁ። ጀበናም ይዣለሁ፣ ስኒ ማን አለው?